ቤቱ ድመት ድመት እንዳይሸት፦ የሊተር ቦክስ (የድመት መጸዳጃ ሳጥን) ጠረን ማጥፊያ መላ

ድመት ያለው ሰው ይህ ቀን አይቀርለትም። እንግዳ ይመጣል፣ ገና በሩን እንዳለፈ አፍንጫውን ነፋ ያደርግና "ውይ ድመት አላችሁ እንዴ?" ይላል፣ ድመቷ ደሞ አልጋ ስር ተኝታ ጭራዋ እንኳን አልታየም። እኔ እንደዛ ስባል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ነበር የወደድኩት፣ ምክንያቱም ለኔ ምንም አይሸተኝም ነበር፣ እውነቴን ነው። አፍንጫ አንድ ሽታ ውስጥ ሲውል ሲያድር ይለምደውና በቃ ይተወዋል፣ ስለዚህ የቤቱን ጠረን መጨረሻ ላይ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

አሁን ሦስት ድመት አለኝ፣ አንደኛው ጎረምሳ የሚያክል ወንድ ነው፣ ቤቱ ግን አይሸትም (ለምጄው እንዳይሆን በየጊዜው ሌላ ሰው አስሸትታለሁ 😀)። ስንት ስፕሬይና ዱቄት ገዝቼ፣ ስንት ጊዜ ተሳስቼ የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ ሽታው የሰዓት ጉዳይ ነው። ቶሎ ካነሳችሁት አይሸትም፣ ካቆያችሁት ምንም ብትረጩበት ይሸታል። ሽቶ መርጨት ማለት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ለምን እንደዛ እንደምል ላስረዳ፣ ይሄ ከገባችሁ የቀረው ቀላል ነው። ትኩስ የድመት ሽንት ያን ያህል አይሸትም። ሽንቱ ውስጥ ዩሪያ አለ፣ ባክቴሪያዎች ዩሪያውን ሲያፈርሱት አሞኒያ ይወጣል፣ ያ አይን የሚያቃጥለው ማለት ነው። ድመት ላይ የሚብሰው ደሞ የዘር ግንዷ ከአፍሪካ የዱር ድመት ስለሆነ ነው፣ ኩላሊቷ ደረቅ አገር የለመደ ነው፣ ውሃውን አንጠፍጥፎ ያስቀርና ሽንቱን ወፍራም አድርጎ ያወጣዋል። በዛ ላይ ፌሊኒን የሚባል ሰልፈር ያለበት አሚኖ አሲድ አለ፣ እሱ ከወጣ በኋላ ቀስ እያለ ሲፈርስ ነው ያ የምናውቀው "የድመት" ሽታ የሚመጣው። ፌሊኒን ባልተኮላሸ ወንድ ላይ በጣም ይበዛል፣ ስለዚህ ወንድ ድመት ካላችሁና ካላስኮላሻችሁት ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ብታደርጉም ግማሽ ነው የሚሳካላችሁ። መኮላሸቱ ሽታውንም ይቀንሳል፣ ግድግዳና መጋረጃ ላይ መርጨቱንም አብዛኛው ይተዋል፣ በተለይ ልማድ ከመሆኑ በፊት ከሆነ። ሐኪም አማክሩና እሱን ጨርሱ መጀመሪያ።

1. ሽታው ከየት እንደሚመጣ እወቁ

ለሁለት ሰዓት ያህል ከቤት ውጡ፣ ንጹህ አየር ውስጥ ቆዩ፣ ከዛ ተመለሱና በሩን ስትከፍቱ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ትንፋሾች ልብ በሉ። ከዛ በኋላ አፍንጫችሁ ተመልሶ ይለምዳል፣ አይጠቅማችሁም። ቀጥሎ ጎንበስ ብላችሁ ሳጥኑን፣ ከሳጥኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ፣ ምንጣፉን፣ የሶፋውን እግር፣ ፌስታሉን የምትጥሉበትን ባልዲ ጭምር አሽቱ፣ አዎ እንደ ድመት በአራት እግራችሁ፣ ማንም አያያችሁም። እኔ ሳጥኑን ስወቅስ ከርሜ ጥፋተኛው የቆሻሻ ባልዲው ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

2. ሳጥኑን አስተካክሉ

ብዙ ሰው ትንሽ ሳጥን ነው የሚገዛው። ድመቷ ገብታ መዞር፣ መቆፈር፣ መቅበር ካልቻለች ዳር ላይ ትሸናለች፣ ወይ ጭራሽ ትተወዋለች። ርዝመቱ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መነሻ ካለው አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ማለትም 45 ሳንቲሜትር ለሆነች ድመት ወደ 70 ሳንቲሜትር ሳጥን። የድመት ተብሎ የሚሸጥ ይህን የሚያክል ካጣችሁ ልብስ የሚቀመጥበት ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ውሰዱና አንዱን ጎን ለመግቢያ ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት እንዳይቧጭራት። ቆማ የምትሸና ድመት ካለቻችሁ ደሞ የቀሩትን ሦስት ጎኖች ከፍ ያሉ አድርጓቸው፣ ግድግዳው ይድናል።

ቁጥሩ የድመቶቹ ብዛት ሲደመር አንድ ነው ይላሉ የእንስሳት ሐኪሞች። አንድ ድመት ሁለት ሳጥን፣ ሦስት ድመት አራት። መጀመሪያ ስሰማው "ሽታ ቀንሱ ስላችሁ ሳጥን ጨምሩ ትሉኛላችሁ?" ብዬ ስቄ ነበር፣ ግን ይሰራል፣ ሽንቱ ስለሚከፋፈል አንዱ ሳጥን አይጨናነቅም፣ አንዷ ሌላዋን ፈርታ ጥግ ፈልጋ አትሸናም። ግን ጎን ለጎን ደርድራችሁ ካስቀመጣችኋቸው ለድመት አንድ ሳጥን ናቸው፣ ተለያይተው ይቀመጡ።

ክዳን ያለውን ሳጥን እኔ አልወደውም። ለኛ ሽታውን ይደብቅልናል፣ ውስጥ ግን አሞኒያው ይታፈናል፣ ድመት ደሞ አፍንጫዋ ከኛ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ የማይጸዳ የሕዝብ ሽንት ቤት ገብታችሁ በሩ ተዘግቶባችሁ አስቡት። ደሞ ያላዩትን ስለማያስታውሱት ሰው ማጽዳት ይረሳል። ክዳኑን የግድ ካላችሁ ቢያንስ የመግቢያውን በር ንቀሉት።

ቦታው አየር የሚዘዋወርበት፣ ደረቅና ጸጥ ያለ ይሁን። እርጥበት ሽታን ያባብሳል፣ ስለዚህ ሻወር አጠገብ ከሆነ ወይ መስኮት ክፈቱ ወይ አየር ማውጫ ፋን አብሩ። ከምግቧና ከውሃዋ አጠገብ አታድርጉት፣ ድመት ከምትበላበት ቦታ አጠገብ መሽናት አትወድም፣ እንደውም ማን ይወዳል። ድንገት የሚያንቀጠቅጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብም አይሆንም፣ አንዴ ደንግጣ ከሮጠች ላትመለስ ትችላለች።

3. አሸዋውን ምረጡ

ሊተር ስል ፈሳሽ የሚለካበትን ሊትር እንዳይመስላችሁ፣ ሳጥኑ ውስጥ የሚጨመረውን ነው፣ እኔ ከአሁን በኋላ አሸዋ እለዋለሁ። ድሮ ሰው አመድና ተራ አሸዋ ነበር የሚጠቀመው። እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካ ውስጥ ኤድ ሎው የሚባል ሰውዬ ጎረቤቱ አሸዋ ስትጠይቀው የፋብሪካ ዘይት ለመምጠጥ የሚሸጠውን የሸክላ አፈር ሰጣት፣ እሷም ወደደችው፣ ከዛ ነው ይሄ ሁሉ ንግድ የተጀመረው።

አሁን ያሉት በጥቅሉ፦ ጓል የሚሰራው ከቤንቶናይት ሸክላ ነው፣ ሽንት ሲነካው አብጦ ይጣበቅና እንደ እንቁላል ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ሽንቱ ከቀረው ስለሚለይ ለሽታ ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው። ጓል የማይሰራው ሸክላ ርካሽ ነው ግን ሽንቱ ወደ ታች ወርዶ ይጠራቀማል፣ ካካውን ብታነሱም ሽንቱ እዛው ነው፣ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ሙሉ በሙሉ ካልተቀየረ ይገማል። የሲሊካ ጄል ክሪስታል ሽንቱን መጦ ያደርቀዋል፣ አቧራም የለውም፣ ግን አንዴ ከጠገበ በቃው፣ ከዛ በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ ቤቱን ያስጠላችኋል፣ አንዳንድ ድመት ደሞ መዳፏን ስለሚወጋት አትወደውም። የተጨመቀ የእንጨት ፔሌት ሽንት ሲነካው ወደ ሰጋቱራ ይፈርሳል፣ የራሱ የእንጨት ጠረን አለው፣ ወንፊት ያለው ሳጥን ካላችሁ ምርጥ ነው። ተራ አሸዋ ብቻ ካላችሁ ይሆናል፣ ምንም አይመጥም ብቻ፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው።

ሽቶ የተጨመረበትን አትግዙ። ለኛ አበባ አበባ ይሸታል፣ ለሷ ግን ከሚገባው በላይ ነው፣ ሸሽታ ምንጣፍ ላይ ስትሸና ያኔ አበባውን ታዩታላችሁ። ገና የሁለት የሦስት ወር ግልገል ካለቻችሁም ጓል የሚሰራውን ለጊዜው ተዉት፣ ግልገሎች የሚቀምሱት ነገር አያልቅባቸውም፣ ከዋጡት ሆድ ውስጥም ያብጣል።

ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ጥልቀት ሙሉት። ትንሽ ከሆነ ሽንቱ ወለሉ ላይ ደርሶ ይለጠፋል፣ ስትፍቁት ፕላስቲኩን ትቧጭራላችሁ። ከስር ወለሉ ላይ ስስ የቤኪንግ ሶዳ ሽፋን ነስንሱ፣ ስስ ነው ያልኩት። ስታፈሱ ቀስ ብላችሁ ከዝቅታ አፍሱ፣ አቧራው ለናንተም ለሷም ሳንባ ጥሩ አይደለም። አይነት ለመቀየር ስትፈልጉ በአንዴ አይሆንም፣ ሩቡን አዲስ ሦስት ሩቡን አሮጌ እያደረጋችሁ በሳምንት በአስር ቀን ውስጥ ቀይሩት፣ ካልሆነ ታምፃለች።

4. በየቀኑ ማንሳት፣ ዋናው ስራ ይሄ ነው

ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ይሄን ብቻ ቢያደርግ ይበቃዋል። በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ በጣም ቢያንስ አንዴ። ስኩፕ የሚባለውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ማንኪያ ወስዳችሁ ከስር ጀምራችሁ ወደ ላይ አንሱ፣ ጓሉን ከላይ አትምቱት ይበታተናል፣ የተበታተነው ፍርፋሪ ነው ቀርቶ የሚሸተው። ዳርና ጥጉን አትርሱ፣ ድመት መሃል ላይ ሽናልኝ ብትሏት አትሰማም። ካነሳችሁ በኋላ የጎደለውን ያህል አሸዋ ጨምሩ።

እኔ ጥርስ ከመቦረሽ ጋር ነው ያያያዝኩት፣ ቦርሼ ስጨርስ ወደ ሳጥኑ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ አሁን ሳላደርገው ብተኛ የሆነ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል።

ሌላም ምክንያት አለ በየቀኑ እንድታነሱ። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ በካካዋ ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካነሳችሁት ሳይደርስ ጣላችሁት ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ካለች ግን ይህን ስራ ሌላ ሰው ይስራላት፣ ሰው ከጠፋ ጓንት አድርጋ፣ ከዛ እጇን በደንብ በሳሙና ታጥባ።

ያነሳችሁትን በፌስታል ቋጥሩና ክዳኑ ግጥም የሚል ባልዲ ውስጥ ጣሉ፣ ባልዲውም በየሁለት ሦስት ቀኑ ይውጣ። ሽንት ቤት ውስጥ አትልቀቁት፣ ያ ሳጥን ውስጥ የሚያብጠው ሸክላ ቧንቧ ውስጥም ያብጣል፣ ከዛ የቧንቧ ሰራተኛ ፍለጋ ነው።

5. ሙሉ እጥበት

ጓል የሚሰራ አሸዋ ከሆነ በየሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ካልሆነ በየሳምንቱ ሁሉንም ድፉትና ሳጥኑን እጠቡ። ሙቅ ውሃ፣ ሽታው የማይጎላ የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ስፖንጅ። ሽቦ አትጠቀሙ፣ ጭረቱ ውስጥ ባክቴሪያ ቤቱን ይሰራል። ሳሙናው ካልበቃው አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ አስር ደቂቃ አቆዩበት፣ አሞኒያ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ የአቼቶው አሲድ ያከሽፈዋል፣ የአቼቶው ሽታ ደሞ ሲደርቅ ይጠፋል። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ ቀላቅሎ ሲፈላ ማየት ደስ ይላል፣ ግን ያ አረፋ ሁለቱ እርስ በርስ ሲከሽፉ ነው፣ የሚቀራችሁ ጨው ያለው ውሃ ነው፣ ለየብቻ ተጠቀሙባቸው።

እዚህ ጋ በደንብ ስሙኝ፦ በረኪና ሽንት ያለበት ነገር ላይ አታፍስሱ። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ደሞ ክሎሪን፣ ሁለቱም ሳንባ ያቃጥላሉ። እኔ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሩን ዘግቼ ሞክሬው አይኔ እያለቀሰ እየሳልኩ ነው የወጣሁት፣ ጅልነት ነበር። ውሃ ውስጥ ሲገቡ እንደ ወተት የሚነጡትን ፌኖል ያለባቸው የጀርም ማጥፊያዎችም ተዉአቸው፣ የድመት ጉበት ፌኖልን በደንብ ማስወገድ አይችልም፣ መዳፏን ስትልስ ትመረዛለች።

በደንብ አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ እርጥብ ሳጥን ውስጥ አሸዋ አትጨምሩ ወለሉ ላይ ሊጥ ይሆናል። ታጥቦ ደርቆም የሚሸት ከሆነ ፕላስቲኩ ራሱ ጠጥቶታል ማለት ነው፣ ወደ አንድ አመት አካባቢ ሲሆነው ቀይሩት። አይዝጌ ብረት የሆነውን ካገኛችሁ ውድ ነው ግን ሽታ አይጠጣም።

6. ክፍሉ ውስጥ ምን እናስቀምጥ፣ ምን አናስቀምጥ

አክቲቬትድ ካርቦን (ሽታ ለመሳብ የተዘጋጀ ከሰል) በጨርቅ ከረጢት ሳጥኑ አጠገብ ብታስቀምጡ ሽታውን ስቦ ያስቀረዋል፣ ኤር ፍሬሽነር ግን ሌላ ሽታ ይጨምራል እንጂ ያለውን አያጠፋም፣ ላቬንደር የተቀባ ሽንት ነው የሚሆነው። የቲ ትሪ፣ የባሕር ዛፍና የብርቱካን ልጣጭ ዘይቶች ድመት ላይ አደገኛ ናቸው፣ ዲፊዩዘር (ዘይቱን ወደ አየር የሚበትን እቃ) ውስጥም ቢሆን። ናፍታሊንም እንደዛው። መስኮት መክፈት በነጻ ነው።

7. ሁሉን አድርጋችሁ ካልተሻለ ድመቷን ተመልከቱ

ካካዋ ድንገት በጣም መሽተት ከጀመረ ወይ ከቀጠነ ሳጥኑ አይደለም ችግሩ። ምግብ ቀይራችኋል? ወተት ሰጥታችኋል? አብዛኛው ትልቅ ድመት ወተት አይፈጭለትም፣ ያስቀምጠዋል። ከዛ ውጭ ጥገኛ ተውሳክ ሊሆን ስለሚችል ናሙና ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጓል ከበፊቱ በጣም እየተለቀ ከመጣና ውሃም አብዝታ የምትጠጣ ከሆነ፣ በተለይ በእድሜ የገፋች ከሆነች፣ ኩላሊት ወይ ስኳር ይመርመርላት። በየቀኑ የማንሳት ሌላኛው ጥቅም ይሄ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ስለምታውቁት ለውጡ ወዲያው ይታያችኋል።

ወንድ ድመት ሳጥን እየገባ እየወጣ እያማጠ ሽንት ጠብ ካላለው ግን ጠዋት ድረስ አትጠብቁ። ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይገድለዋል፣ በዛው ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

8. ከሳጥኑ ውጭ የፈሰሰ

ድመት ብትመነኩስ አመሏን አትረሳ ይባል የለ፣ አንዴ የሸናችበት ቦታ ጠረኑ ካለ ትመለሳለች። ስለዚህ እዚህ ላይ "እኔን አይሸተኝም" አይሰራም፣ እሷን እንዳይሸታት ነው ማጽዳት ያለባችሁ።

ትኩስ ከሆነ በጨርቅ ወይ በሶፍት ተጭናችሁ ምጠጡት፣ አትሹት፣ ስትሹት ወደ ውስጥ ነው የምትገፉት። ከዛ በቀዝቃዛ ውሃ አርጥባችሁ እንደገና ምጠጡ። ቀጥሎ ኢንዛይም ያለበት የቤት እንስሳት ሽንት ማጽጃ። ተራ ሳሙና የማያነሳው ዩሪክ አሲድ አለ፣ ውሃ ውስጥ እንደልብ አይሟሟም፣ ክሪስታል ሆኖ ይደርቅና አየሩ እርጥብ በሆነ ቁጥር ይነሳል፣ ለዛ ነው ዝናብ ሲመጣ የቆየ ሽታ የሚቀሰቀሰው። ኢንዛይሙ እሱን ያፈርሰዋል፣ ግን ጊዜ ስጡት፣ ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ እስኪርስ አፍሱ፣ ከላይ በፌስታል ሸፍኑት ቶሎ እንዳይደርቅ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል አቆዩት፣ ከዛ ግለጡትና ራሱ ይድረቅ። ሰው ረጭቶ ወዲያው ይጠርገውና "አይሰራም" ይላል። በእንፋሎት ማሽን ወይ በፈላ ውሃ አትጀምሩ፣ ሙቀቱ ሽታውን ክሩ ላይ ያጣብቀዋል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃማ "እዚህ ሽኚ" ብሎ መጻፍ ነው።

ቦታውን ካላገኛችሁት ማታ መብራት አጥፉና የአልትራቫዮሌት ባትሪ አብሩ፣ የደረቀ ሽንት ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ስታዩት ምልክት አድርጉበት፣ መብራት ሲበራ ይጠፋችኋል። እኔ መጀመሪያ ያበራሁ ማታ ከሶፋው ጀርባ ያለው ግድግዳ እንዳለ ሰማይ ላይ ያለ ኮከብ ነበር የሚመስለው፣ ቁጭ ብዬ ነው የሳቅኩት ከዛ ነው ያለቀስኩት።

ግድግዳና ሴራሚክ ይጸዳል። ምንጣፍ ሁለት ሦስት ዙር ኢንዛይም ይፈልጋል፣ በየዙሩ መሃል ሙሉ በሙሉ እየደረቀ። ፍራሽና የሶፋ ስፖንጅ ላይ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጉ፣ ትኩስ ሆኖ ከደረሳችሁበት ይድናል፣ ለወራት ከጠጣ ግን መጨረሻው መጣል ነው። እኔ አንድ ፍራሽ ለስድስት ሳምንት ስታገለው ቆይቼ፣ ሲደርቅ ሽታው ጠፋ እያልኩ፣ ሲረጥብ እየተመለሰ፣ መጨረሻ ላይ በሁለት ሰው አውጥተን ጣልነው፣ ድመቷ ደሞ መስኮት ላይ ቁጭ ብላ ስናወጣው ታየን ነበር።